ከሬንጁ በታች፦ የአንድ አሮጌ ላንድሮቨር የስር ቅብ እንደ ታሪክ ሰነድ



ከዚህ መድረክ በፊት የተናገሩ ባልደረቦቼ ስለ መንግሥታት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ እምነትና ስለ ቋንቋ አስተምረውናል። እኔ ይዤ የቀረብሁት ርእስ ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ዝቅ ያለ ነው፤ እንዲያውም ለማየት በጀርባ መንጋለልን ይጠይቃል። የምናገረው በአንድ አሮጌ መኪና ሆድ ላይ ተለጥፎ ስለ ኖረ ጥቁር ቅብ ነው። በጋራዦቻችን በጅምላ ‹‹ሬንጅ›› ይባላል። እኔ ግን ‹‹የስር ቅብ›› እያልሁ እጠራዋለሁ፤ ሁሉም ሬንጅ አለመሆኑ የዚህ ንግግር ዋና ፍሬ ነውና።

ሐሳቤ አንድ ነው። አሮጌ ቅብ ከመፋቁ በፊት ዕድሜው መታወቅ አለበት። ይህ የታሪክ ባለሙያ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ከመኪናው ስር ተንጋልሎ የሚፍቀው ወጣት የሳንባ ጉዳይ ነው። ይህን የተረዳሁት ከመጻሕፍት ቤት ሳይሆን በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ ስሕተቴ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ እጀምራለሁ።

መኪናውና ሃላሌ

ሃላሌ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የኦሞ ወንዝ ወረዳውን በምዕራብ ከዳውሮ ይለየዋል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደዚያ መድረስ በልጅነቴ ዘመን የቀን ጉዳይ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ የእግዚአብሔር ጉዳይ። አባቴ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጨረታ የገዛው ላንድሮቨር በዚያ መንገድ ሰው፣ እህል፣ ቅቤና ቡና ሲያመላልስ ኖረ። ምጥ የጸናባትን ሴት በሌሊት ወደ ሶዶ ያደረሰበትን ጊዜ እናቴ እስከ ዛሬ በጣቷ እየቆጠረች ትነግረናለች። በኋላ መለዋወጫው ጠፋ፣ አባቴም ደከመ፤ መኪናው በቆርቆሮ ጥላ ስር ቆመ። አባቴ ካረፈ በኋላ እኅቴ ‹‹ለብረታ ብረት ነጋዴ እንስጠውና ይገላግለን›› አለች። እናቴ ግን አልፈቀደችም። ዕድሳቱን የተረከብሁት እኔ ነኝ።

መኪናው ከ1961 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የተሠራው ‹‹ሲሪስ ቱ ኤ›› የሚባለው ትውልድ፣ ባለ ረጅሙ ሻንሲ ነው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ ፋብሪካው የመኪናውን ገላ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠራው። ሻንሲው ግን የብረት ነው፤ አራት ላሜራዎች ተበይደው እንደ ሣጥን የተዘጋ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ። ሰዎች ‹‹ላንድሮቨር አይዝግም›› ሲሉ ገላውን ተመልክተው ነው። መኪናውን የሚሸከመው ሣጥን ግን ይዝጋል፤ ብዙ ጊዜም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ውጭው በቅብ ከተሸፈነ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ሲሰበር ነው።

ቅቡ ከየት መጣ?

ውኃ እንዳይገባ በቅጥራን መለቅለቅ ጥንታዊ ጥበብ ነው። የሜሶፖታሚያ ሰዎች ከምድር የሚወጣውን ዝፍት ለጀልባዎቻቸው ተጠቅመውበታል። የኖኅ መርከብና ሙሴ የተጣለበት ሣጥን ታሪክም ለዚህ አዳራሽ እንግዳ አይደለም። የመኪና የስር ቅብ የዚህ ጥበብ የልጅ ልጅ ነው፤ የተስፋፋው ግን በተለየ ምክንያት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ በረዶን ለማቅለጥ በክረምት መንገዶች ላይ ጨው መበተን ተለመደ። ጨው ደግሞ የዝገት አጣዳፊ ነው፤ የመኪና ወለል በጥቂት ክረምቶች ይበላ ጀመር። ለዚህ መልስ የሚሆኑ ቅቦችም በገበያ በዙ። በ1959 እ.ኤ.አ. ኩርት ዚባርት የተባለ መካኒክ በዲትሮይት ከተማ መኪናን ከዝገት መከላከልን ራሱን የቻለ ንግድ አድርጎ ሲጀምር፣ ፈላጊው አስቀድሞ በር ላይ ቆሞ ነበር።

የዚያ ዘመን የስር ቅብ መሠረቱ በማሟሟ የቀጠነ ሬንጅ ነው። ሬንጅ ብቻውን ግን በሙቀት ይፈስሳል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። ወፍሮ እንዲቆም፣ ጠጠርም ሲመታው እንዲችል የሚያያይዘው ጭረት ያስፈልገዋል። ርካሹና እሳት የማይነካው ጭረት አስቤስቶስ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አምራቾች አስቤስቶስ ቀላቀሉበት። ከቅቡ በታች ብረቱን የሚነካው ቀይ ቀለም ደግሞ በዘመኑ ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ኦክሳይድ ይሠራ ነበር። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ፋብሪካዎች ወደ ፕላስቲክ ነክ ቅብ ተሸጋገሩ። እንግዲህ የቅቡ ዘመን የቅቡን ይዘት ይናገራል ማለት ነው።

ጨው በሌለበት አገር

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለች መኪናውን እየነዳና እያስጎተተ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ አሳየ። ከመኪናው ቀድሞ መምጣት የነበረበት መንገድ ግን ዘገየ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለጦሩ ሲል የዘረጋቸው መንገዶች ከነፃነት በኋላ ጥገና አጥተው ተበላሹ። በ1950 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የወሰደችው የመንገድ ብድር ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ይህንኑ ተከትሎ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ወደ ወላይታ ስንመጣ፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጫውን ሶዶ ያደረገው፣ ሁላችን ‹‹ዋዱ›› የምንለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን እስከ አበላና እስከ በሌ የሠፈራ ጣቢያዎች ዘረጋ። የልማት ሠራተኛ፣ የጤና ሠራተኛና ነጋዴ ወደ ቆላው ሲወርዱ በአራቱም እግሩ የሚገፋ መኪና ያስፈልጋቸው ነበር።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ጨው የበተነ የለም። የእኛ ጨው ከአፋር ተቆርጦ በግመል ይወጣል እንጂ አስፋልት ላይ አይነሰነስም። ታዲያ የስር ቅቡ ለምን መጣ? ከፊሉ ከመኪናው ጋር ከባሕር ማዶ መጣ። ከፊሉ ደግሞ ልማድ ሆኖ እዚሁ ተጨመረ፤ ጠጠር ሲመታ ድምፅ እንዲቀንስ፣ አቧራ በስንጥቅ እንዳይገባ፣ መኪናውም ‹‹ተጠብቆ የኖረ›› እንዲመስል።

የእኛ ችግር ጨው ሳይሆን ቀይ አፈር ነው። የወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ቀይ ሸክላማ አፈር በበልግና በክረምት ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በባሌስትራው መያዣ፣ በፓራፋንጎው ጥግ፣ በሻንሲው መገጣጠሚያ ላይ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል፤ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይከርማል። በቆላው ፀሐይ የደረቀው ሬንጅ ይሰነጠቃል። ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። ብረት ለመዛግ የሚሻው ውኃና አየር ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በልኩ እየተመገበ፣ ዐይን ሳያየው፣ ለዓመታት ይበላል። ዝገቱ ሲያብጥ ቅቡን ከብረቱ ይገፋዋል፣ አዲስ ክፍተትም ይፈጠራል። ባለቤቱ የተላቀቀውን ቦታ ሲያይ ሌላ ሬንጅ ይደርብበታል። ብረቱን ሊጠብቅ የተቀባው ነገር በዚህ መንገድ ለዝገቱ መጠለያ ይሆናል።

ስለዚህ አሮጌውን የስር ቅብ ማንሣት ግድ ነው። በላዩ መቀባት በቁስል ላይ ልብስ እንደ መደረብ ነው። ጥያቄው ‹‹እንዴት?›› የሚለው ነው፤ እኔም የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው።

ያ ግማሽ ቀን

ከሶዶ አንድ ልምድ ያለው ባታላሜራና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ረዳቱ መጡልኝ። ባለሙያው ሆዱን ከፍ ዝቅ ብሎ ካየ በኋላ፣ ‹‹ጋሼ፣ በሁለት ቀን ብረቱን ነጭ አድርጌ አሳይዎታለሁ›› አለኝ። ልጁ የሚሽከረከር የብረት ብሩሽ የገጠመበትን ግራይንደር ይዞ፣ አፉን በሻሽ ጠፍሮ፣ ከመኪናው ስር ገባ። እኔ ካሜራዬን ይዤ ጥላ ስር ተቀመጥሁ። በየሰዓቱ ፎቶግራፍ ማንሣቴ ትልቅ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ብሩሹ ላዩን ሬንጅ ሲነካ በሙቀቱ ያቀልጠውና ወደ ጎን ይለቀልቀዋል። ከሬንጁ በታች ወዳለው ደረቅ ክፍል ሲደርስ ግን ማቅለጡ ቀርቶ ማቡነን ጀመረ። ግራጫ ጉም ከመኪናው ስር እየወጣ በግቢው ተዘረጋ። ለምሳ ልጁ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ግራጫ ሆኖ ነበር፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እርሱም ሳቀ። እጅጌውን ሲያራግፍ ግን ከጨርቁ ላይ ያልረገፉ፣ እንደ ጥጥ ዘሃ የቀጠኑ ጭረቶች አየሁ። ወደ መኪናው ሄጄ የቅቡን ስባሪ ጠርዝ ስመለከት ያው ጭረት ተሰልፎ ቆሟል።

በክፍል ውስጥ ስለ ሃያኛው መቶ ዘመን ቁሳቁስ ሳስተምር የአስቤስቶስን ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ አንሥቻለሁ። በጣሪያ፣ በቧንቧ፣ በፍሬን ሸራ ውስጥ እንደ ነበረ ተናግሬአለሁ። ከራሴ ግቢ ውስጥ፣ ከራሴ መኪና ስር እንዳለ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ አላሰብሁም። እውቀቱ ከእኔ ጋር ነበረ፤ አደጋውን ግን የተሸከመው ሌላ ሰው ነበር።

ሥራው ይቁም አልሁ። ልጁ ተገርሞ፣ ‹‹ጋሼ፣ ሬንጅ እኮ ነው፤ ምን ያመጣል?›› አለኝ። ‹‹ሬንጅ ብቻ ቢሆንማ ጥሩ ነበር›› ብዬ የማውቀውን ነገርሁት። ባለሙያው መጀመሪያ ገንዘብ ላለመክፈል ሰበብ የፈለግሁ መስሎት ቅር አለው። የሁለቱን ቀን ክፍያ በእጁ ሳኖርለት ግን ቁጭ ብሎ ሰማኝ፤ ከሰማኝም በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እርሱ በዚህ ዐይነት ሥራ ላይ የኖረው ግማሽ ቀን አልነበረም።

በአቧራው ውስጥ ያለው

አስቤስቶስ በዐይን አይለይም፤ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው። ስለዚህ የዕድሳት ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ ቀላል ነው፦ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተቀባና ጭረት ያለበት የስር ቅብ ሁሉ፣ በምርመራ ነፃ እስኪሆን ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዐይነቶች ካንሰር አምጪ መሆናቸውን አስታውቋል። ክፋቱ መዘግየቱ ነው። ጭረቱ ዛሬ ከተሳበ፣ በሽታው የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የተነፈሰውን ሰው ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው በአምሳኛው ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የማንን መኪና እንደ ፋቀ የሚያስታውስ የለም።

ከስሩ ያለው ቀይ ቀለም ሁለተኛው ጉዳይ ነው። እርሳስ ያለበት ቀለም በደረቁ ሲፋቅ ወይም በእሳት ሲቃጠል አቧራውና ጢሱ ወደ ደም ይገባል፤ በሥራ ልብስ ላይ ቤት ድረስ ተጉዞም ሕፃናትን ይጎዳል። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ ወስኗል። ደንቡ ግን የሚናገረው ስለሚመረትና ስለሚሸጥ ቀለም ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ተቀብቶ ሬንጅ ስር የተቀመጠውን የሚጠብቀው ሕግ ሳይሆን የሠራተኛው እውቀት ነው።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ነገር አስታውሳለሁ። ብዙ ጊዜ ‹‹ታሪክ ለምን ይጠቅማል?›› ተብለን ስንጠየቅ ስለ ማንነትና ስለ ትውልድ አደራ እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ነው። ከመኪናው ስር ላለው ልጅ ግን የሚጠቅመው መልስ ሌላ ነው፦ ‹‹ይህ ቅብ የተቀባው መቼ ነው?›› ለሚለው የሚሰጠው መልስ።

እንደ ገና ስንጀምር

ሥራውን በሳምንቱ በሌላ ሥርዓት ጀመርን። ባትሪውን ነቀልን፤ የነዳጅ ታንኩን አውርደን ከግቢው አራቅን። መኪናውን በክሪክ ላይ ሳይሆን በጠንካራ የእንጨት ርብራብ ላይ አሳረፍን። ከስሩ ወፍራም ላስቲክ ዘረጋን። ግራይንደሩ በሣጥኑ ተቆልፎ ቀረ። ለሦስታችንም ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ፣ ፊትን ገጥሞ የሚይዝ ጭንብል ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ሻሽም ሆነ የሐኪም ቤት ጭንብል ይህን ጭረት አያስቀርም። የሥራው ልብስ ለብቻው ታጠበ፤ ማንም ለብሶት ወደ ቤቱ አልሄደም።

መጀመሪያ ቀዩን አፈር በውኃ እያራስን በእንጨት ስንጥር አወረድነው። በግፊት ውኃ ማጠብ ጭረቱን ስለሚበትነው ተውነው። ቀጥሎ ላዩን ሬንጅ በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ እየሸፈንን፣ ሲለሰልስ በስፓቱላ ፋቅነው። በብየዳ እሳት ማቅለጥ ፈጣን ነው፤ ግን ጢሱ መርዝ ነው፣ በነዳጅ ቱቦ አጠገብም ቃጠሎ ያስነሣል። አሸዋ በግፊት መርጨትም ለዚህ አይሆንም፤ ሬንጅ እንደ ጎማ ስለሚለመጥ አሸዋውን መልሶ ያነጥረዋል፣ ደረቁን ክፍል ግን ያቦንነዋል። በሌላው ዓለም የደረቀ በረዶ በመርጨት ቅቡን አቀዝቅዞ የሚያረግፍ መሣሪያ አለ። እኛ ያለን ጊዜና እጅ ነበር፤ በጊዜና በእጅ ሠራን። ጋዝ የጠጣውን ጨርቅ ሁሉ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አኖርነው።

ወደ ግራጫው ክፍል ስንደርስ ውሳኔ አስፈለገ። መበየድ ባለበት ቦታ ብቻ፣ በውኃ እያራስን፣ በእጅ አነሣነው፤ ስባሪውንም እርጥብ እንዳለ በድርብ ላስቲክ አሸግነው። ከብረቱ ጋር ጸንቶ የተያዘውን ግን አልነካነውም፤ በላዩ አዲስ ማሸጊያ ቀባንበት። ያልተነካ ጭረት አይበንንም። እዚህ ላይ የልጁን ሳንባ የሚጠብቀው መንገድና ሰነዱን የሚጠብቀው መንገድ አንድ ሆነው ተገናኙ። ቸኩለን ሁሉንም ብንፍቅ ኖሮ ሁለቱንም እናጠፋ ነበር።

ንብርብሩ የተናገረው

ቀስ ብሎ የተፋቀ ቅብ ይነበባል። የብራና ጸሐፊ ስሕተቱን በቢላ ሲፍቅ የቀለሙ ጥላ በቆዳው ላይ እንደሚቀር፣ እዚህም እያንዳንዱ ዘመን ጥላውን ትቷል። ከላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይትና አቧራ ነበር፤ መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን አባቴ በየክረምቱ መግቢያ በብሩሽ የሚቀባው። ከስሩ ቀዩ አፈር፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ጣት የሚሆን። ከዚያ ከበርሜል እየተቀዳ የተቀባ ወፍራም የመንገድ ሬንጅ፤ የብሩሹ ፀጉር ሳይቀር ተጣብቆበት። ከዚያ ባለ ጭረቱ ግራጫ፤ ይህ መኪናው አዲስ ሳለ የተቀባ ነው፣ በየትም ቦታ ከስሩ አፈር የለምና። ከዚያ ቀይ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያም ብረት።

በቀኝ በኩል፣ ከኋላው ባሌስትራ መያዣ አጠገብ፣ የመንገዱ ሬንጅ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይወፍር ነበር። ልጁ በስፓቱላው ቀስ እያለ ሲያነሣው ከስሩ ብረት ሳይሆን ቀጭን ቆርቆሮ ወጣ። ‹‹ጋሼ፣ ጽሑፍ አለው›› ብሎ ጠራኝ። ቆርቆሮው በሻንሲው ላይ ታጥፎ በብሎን ተይዟል። በላዩ የእንግሊዝኛ ፊደሎችና ሁለት የተጨባበጡ እጆች ይታያሉ፤ የአሜሪካ የዕርዳታ ዘይት ይታደልበት የነበረው ቆርቆሮ ነው። ከስሩ ሻንሲው እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው።

ቆርቆሮውን ይዤ ወደ እናቴ ሄድሁ። በጣቷ ዳሰሰችው። ‹‹የሰባ ሰባት ነው›› አለች። ‹‹አባትህ ላሜራ ፍለጋ ሶዶ ሁለቴ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ያን ጊዜ ብረት ከየት ይመጣል፣ ልጄ? እህልስ የት ነበረ?›› የ1977ቱ ረኃብ በወላይታ ላይ እንዴት እንደ ጸና ለዚህ አዳራሽ መናገር አያስፈልገኝም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴን የማስታውሰው ጎማ ሳይነካካ፣ ዘይት ሳይለካ የማይነሣ ጠንቃቃ ሰው አድርጌ ነው። ይህ ሰው የተሰበረ ሻንሲ በዘይት ቆርቆሮ ጠቅልሎ፣ ተሳፋሪው እንዳያይ በሬንጅ ሸፍኖ፣ ሰው ጭኖበታል። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ እናቴም ጎረቤቶቻችንም እንደሚመሰክሩት፣ በሽተኛና ደካማ ያለ ክፍያ ወደ ሶዶ ያመላለሰበት መኪና ይኸው ነው። መኪናው ቢቆም ኖሮ የሚያመላልሳቸው ሌላ መኪና አልነበረም። መኪናው በመንገድ ቢሰበር ኖሮ ደግሞ ዛሬ ስለ አባቴ የሚነገረው ሌላ ነበር። የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ ሁለቱንም መጻፍ አለብኝ፤ ልጅ እንደ መሆኔ አንዱን ብቻ መጻፍ እመርጥ ነበር።

በቅኔያችን ሰሙ ቀልጦ ሲወርድ ወርቁ ይገኛል ይባላል። እኔም ሥራውን ስጀምር ሬንጁ ሰም፣ ብረቱ ወርቅ መስሎኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ያን ቆርቆሮ አርባ ዓመት ሳይዝግ ያቆየው ሬንጁ ነው፤ ከጎኑ ያለውን ብረት ያስበላውም ሬንጁ ነው። አንድ ሽፋን የደበቀውን ነገር ሊጠብቅም ሊያጠፋም ይችላል። የቱን እንዳደረገ የሚታወቀው በጥንቃቄ ሲነሣ ብቻ ነው።

ለተማሪዎቻችን

ሻንሲው ዛሬ በአዲስ ላሜራ ተበይዷል። ውጩ ዚንክ ባለው ቀለም ተቀብቷል፤ ውስጡ ቀዳዳው ሳይደፈን ሰም ተረጭቶበታል፣ ውኃ ቢገባ እንዲወጣ። ጥቁር ወፍራም ሬንጅ በላዩ አልደረብንም። ቀይ አፈር ሲጣበቅበት እንዲታይ፣ ሲታይም እንዲታጠብ ይሻላል። ቆርቆሮው፣ ከየንብርብሩ የተወሰደው ናሙና በታሸገ ዕቃ፣ ፎቶግራፉና የሥራው ማስታወሻ በአንድ ሣጥን ተቀምጠዋል።

ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። የመጀመሪያው የሥራችንን ሜዳ ይመለከታል። በወላይታ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ አልፊው ሁላችን በእጃቸው ሥራ እየኖርን ለረጅም ዘመን የተናቁ ነበሩ። በዘይት የጠቆረውን የጋራዥ ሠራተኛ ስናይ ያው ንቀት በሌላ ስም እንዳይመለስብን እንጠንቀቅ። በሶዶ ጋራዦች ውስጥ የአገሪቱን የአምሳ ዓመት የመለዋወጫ እጥረት፣ የጥገና ብልሃትና የመንገድ ታሪክ በእጃቸው የያዙ አዛውንት ባለሙያዎች አሉ። ማስታወሻ ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ እነርሱ ሂዱ።

ሁለተኛው፣ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። እኛ ከመጻሕፍት የምናውቀው የቅብ ዘመንና ይዘት ለእነርሱ የጤና ጉዳይ ነው። በአንድ ገጽ አማርኛና በአንድ ገጽ ወላይትኛ፣ ‹‹ከመፋቅህ በፊት ዕድሜውን ጠይቅ፣ ጭረት ካየህ አርጥብ፣ በደረቁ አትፈጭ›› የሚል ጽሑፍ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ብናኖር፣ ከብዙ የምርምር ጽሑፎቻችን የሚበልጥ ሥራ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ልጁ ጠይቃችሁኝ ይሆናል። ደኅና ነው። የአንድ ግማሽ ቀን አቧራ ከዓመታት አቧራ ጋር አይተካከልም፤ ይህን ለእርሱም ለወላጆቹም ሳልደብቅ፣ ሳላጋንን ነግሬአለሁ። ነገር ግን እርሱ ከእኔ መኪና በፊት ሌሎች መኪናዎችን ፍቋል፣ ከእኔም በኋላ ይፍቃል። አሁን ጭንብሉን በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ባለፈው ወር ደውሎልኝ ነበር። አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ጋራዥ መግባቱን ነግሮኝ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይቺ ስንት ዓመተ ምሕረት የተሠራች ናት?›› ብሎ ጠየቀኝ። በመምህርነት ዘመኔ ከተጠየቅኋቸው የታሪክ ጥያቄዎች ሁሉ፣ መልሱን ለመስጠት እንደዚህ የቸኮልሁበት የለም።